የመኪናዋ ድምፅና የአማቴ ስም

ባለፈው ሳምንት ከሰፈራችን ከሴች ዱና ወደ ገበያ የተሳፈርኩባት ባጃጅ ድምፅ ነበራት። ቋ ቋ ቋ ትላለች፤ ትንሽ ዝም ትልና ደግሞ ቋ ቋ። ሾፌሩ፣ ፀጉሩን ባንድ በኩል ተላጭቶ በሌላው ያሳደገ ጎረምሳ፣ ድምፁን ሲሰማ ምን ያደርጋል መሰላችሁ? ሙዚቃውን ከፍ አደረገው። ትከሻውን ነካ አድርጌ «ልጄ፣ አቁምና የኋላ ጎማህን እይልኝ» አልኩት። «ምንም አይደል እማማ፣ ሁሌም እንዲህ ናት» አለኝ። «አቁም አልኩህ!» ስለው ግን የአስተማሪነቱ ድምፅ ገና ከጉሮሮዬ አልጠፋም መሰለኝ፣ ቀጥ አለ። ወርዶ ጎማውን ወዘወዘው፤ ደህና ነበር። ድምፁ ለካ ከወንበሩ ሥር ካስቀመጠው የመፍቻ ጣሳ ኖሯል። «እማማ፣ ድሮ መካኒክ ነበሩ እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ። ይሳቅ። እኔ ግን «ጎማ» የምትለውን ቃል ያለ ፍርሃት፣ አፌን ሞልቼ፣ በአደባባይ በማለቴ ብቻ ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ። አንዲት አሮጊት ጎማ ስላለች ምን ያስደስታታል ትሉኝ ይሆናል። ነገሩ ወዲህ ነው።

እኔ የዱራሜ ልጅ ነኝ፤ ያገባሁት ግን ሆሳዕና ነው። ከከምባታ ወጥቼ የሀዲያ ምራት የሆንኩበት ጊዜ ስኳር በቀበሌ ሱቅ ተሰልፈን በካርድ የምንወስድበት፣ አንዱን ሳሙና በክር ለሁለት ቆርጠን ግማሹን ለእንግዳ የምናስቀምጥበት፣ ሰው ሁሉ ጓድ የሆነበት ጊዜ ነበር። ስለ ዘመኑ ክፋት ሌሎች ይጻፉ፤ እኔ ያኔ ገና ወጣት ነበርኩና ከክፋቱ ይልቅ መናኸሪያው ማዕዘን ላይ የነበረችው ሻይ ቤት ትዝ ትለኛለች። ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ ትኩስ ፓስቲ በአሥር ሳንቲም። ግድግዳው ላይ በጥልፍ ጨርቅ የተሸፈነ ትልቅ ሬዲዮ ነበር፤ ዜናው ሲያልቅ ባለቤቷ ድምፁን ከፍ ታደርገውና ዘፈኑ ውጭ እስከተቀመጡት ጫማ ሰፊዎች ድረስ ይሰማል። ባሌን ጴጥሮስን መጀመሪያ ያየሁት እዚያች ሻይ ቤት በር ላይ ነው፤ ፀጉሩን አፍሮ አበጥሮ፣ የቴትሮን ሱሪውን በከሰል ካውያ ተኩሶ፣ እጁን ኪሱ ከትቶ ቆሟል። ሁለታችንም አስተማሪዎች ነበርን። ጸሎት ቤታችን ተዘግቶ ስለነበር መዝሙር የምንዘምረው በየቤቱ፣ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ነው፤ እሱ ግን ዝቅ ማድረግ አይሆንለትም ነበር። እስከ ዛሬም አልሆነለትም፤ አሁን ደግሞ ጆሮው ስለከበደ ብሶበታል።

አባቱ ጎዴቦ ይባሉ ነበር። አያችሁ፣ ጻፍኩት፤ እጄ ግን አሁንም ይቺ ፊደል ላይ ሲደርስ ትንሽ ይቆማል። በከምባታም በሀዲያም ያገባች ሴት የባሏን አባትና እናት ስም አትጠራም። በእኛ ባሊሻ እንለዋለን። ስሙን ብቻ ቢሆንማ ምን ነበረበት፤ ስሙ በሚጀምርበት ድምፅ የሚጀምር ቃል ሁሉ ከአፏ አይወጣም። በአማርኛ ምሳሌ ብሰጣችሁ፣ የባሏ አባት ስም «ላ» ብሎ የሚጀምር ከሆነ ላምን ላም አትላትም፤ ሌላ ስም ታወጣላታለች። የባሌ እናት እኔ ሳልመጣ ነው ያረፉት፤ የቀሩኝ አባ ጎዴቦ ብቻ ነበሩ። እሳቸው ደግሞ ልጃቸው አስተማሪ ሊያገባ መሆኑን ሲሰሙ «የተማረች ሴት? ስም መጥራት አይደለም እንዴ ሥራዋ! ለእኔ ሲሆን ልትተወው ነው?» አሉ አሉ። ሠርጋችን ላይ ዱራሜ አልመጡም። ታናሽ ወንድማቸውን ላኩ። በአገራችን የአባት ወንድም ያው አባት ነውና እሱ «የጴጥሮስ አባት» ተብሎ በክብር ተቀመጠ፤ አባቴም «የጴጥሮስ አባት፣ ብላ፣ የጴጥሮስ አባት፣ ተጫወት» እያለ አስተናገደው። ነገሩ ግን ገብቶታል። ደጁ እንደተናቀ ነው የቆጠረው። ከዚያ በኋላ ዓመት በመጣ ቁጥር «ልጄን የሰጠሁት ሰው ፊቱ ምን እንደሚመስል አላውቅም» ይል ነበር።

እኔም እልኸኛ ነኝ። ቆይ፣ ካልተማሩት ምራቶች ሁሉ አብልጬ ባላከብራቸው ብዬ ማልኩ። የጉባኤያችን ሽማግሌዎች «ይሄ የድሮ ነገር ነው፣ አይጠቅምም» ይሉ ነበር፤ አልሰማኋቸውም። ሌሎቹ ሴቶች የሚጠነቀቁት በቤታቸው ቋንቋ ነው፤ እኔ በአማርኛም ጨመርኩበት። ያን ስወስን አማርኛ በ«ጎ» የተሞላ መሆኑን አላሰብኩም። ጎመን «ቅጠል» ሆነ። ጎረቤት «አጥር የሚጋሩን» ሆኑ። ተማሪ መልስ ሲያገኝ ጎበዝ ብዬው አላውቅም፤ «ብርቱ» ነው የምለው። ጎፈር ሜዳ የሚባለውን ሰፈር «ሜዳው»፣ ጎምቦራ ወረዳን በከተማው ስም «የሀቢቾ አገር» እያልኩ ኖርኩ። አንደኛ ክፍል ፊደል ሳስቆጥር «ገ፣ ጉ፣ ጊ፣ ጋ፣ ጌ፣ ግ» እልና ዱላዬን መጨረሻዋ ላይ አሳርፌ ዝም እላለሁ፤ ልጆቹ ጣሪያው እስኪነሳ «ጎ!» ይላሉ። ርዕሰ መምህሩ አዲስ የማስተማር ዘዴ መስሎት በስብሰባ ላይ አመስግኖኛል። ከሰዓት በኋላ ለመሠረተ ትምህርት የሚመጡት ባለትዳር ሴቶችማ እያንዳንዳቸው የማይሏት ፊደል ነበረቻቸው። አንዷ «ሄ»ን ትዘላለች፣ አንዷ «ላ»ን፣ አንዷ «ጡ»ን። አብረው ሲቆጥሩ ግን የአንዷን ጉድለት ሌላዋ ትሞላና የፊደል ገበታው ሳይጎድል ያልቃል። ያኔ የሳቅነው ሳቅ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ለዛሬም ይተርፈኛል። አባ ጎዴቦ ግን ይሄን ሁሉ ጥንቃቄዬን ያዩልኝ አይመስልም ነበር። በቀጥታ እንኳ አያናግሩኝም። እኔ እዚያው ተቀምጬ «ለምራቴ ውሃ አምጪልን በሏት» ይላሉ፤ ቤት ውስጥ ሌላ ሰው ከሌለ ለግድግዳው ይነግሩታል።

ታዲያ በዚያን ጊዜ ነው ቡላ የመጣችው። ቡላ ያልናት መኪናችንን ነው፤ መልኳ ከእንሰት እንደሚወጣው ቡላ ነጣ ያለ ነበር። ወንበሯ ሦስት ረድፍ የሆነ፣ ከእኛ በፊት ስንት ባለቤት እንደቀያየረች የማይታወቅ አሮጌ ስቴሽን ናት። አባ ጎዴቦ ባሕር ዛፋቸውን ሽጠው፣ ልጆቻቸው ደመወዛቸውን አዋጥተው ገዟት። በገበያ ቀን ጃጁራ፣ በሌላው ቀን ዱራሜ እየተመላለሰች ሰውና ቅቤ ታመላልሳለች። እስከ ዱራሜ ሁለት ብር ነበር፤ ዶሮ የያዘ ሰው ዶሮዋን ጭኑ ላይ ካስቀመጠ ለሷ አይከፍልም። መስተዋቱ ላይ የፕላስቲክ አበባ፣ ከመሪው ጎን ካሴት የሚበላ ቴፕ። ሾፌሩ አለማየሁ የወሊሶ ልጅ ነው፤ ሀዲይኛም ከምባትኛም አይሰማም፣ ስለዚህ ተሳፋሪ ሁሉ የሚጣላው በአማርኛ ነበር። ዛሬ አስፋልቱ ላይ የሚበሩትን ሚኒባሶች ሳይ፣ ቡላ ዳገት ላይ ስትለግም ወርደን የገፋናት ትዝ ይለኛል። ገፍተን ስናበቃ እንኳ አለማየሁ «እናንተን ባላገኝ ምን ይውጠኝ ነበር» ብሎ ያመሰግነን እንጂ ሒሳብ አይቀንስም ነበር።

አንድ ቀን ከጃጁራ ስትመለስ ድምፅ ይዛ መጣች። አንዳንዴ የሚመጣ፣ አንዳንዴ የሚጠፋ፣ ከየት እንደሆነ የማይታወቅ ድምፅ። አለማየሁ ጎፈር ሜዳ ወደነበረው ወደ ጋሽ ሸምሱ ጋራዥ ወሰዳት፤ እኔም ከትምህርት ቤት ወደ ቤት ስሄድ መንገዴ ነበርና ገባሁ። ጋሽ ሸምሱ የጉራጌ ሰው ነው፤ ቱታው ከዘይት ብዛት ቀለሙ ጠፍቷል። መኪና ሲመጣለት ኮፈኑን አይከፍትም፤ ክንዱን አጣጥፎ «ምን ትላለች?» ብሎ ነው የሚጀምረው። «በሽተኛ ካልተናገረ ሐኪም ምን ያውቃል?» ይላል። የዚያን ቀን ግን መልሱ በዛበት። አለማየሁ «ቋ ቋ ትላለች» አለ። አብራ የመጣች ቅቤ ነጋዴ «የለም፣ ቅጭል ቅጭል ነው፣ በቅሎ ላይ እንደሚታሰረው» አለች። አንዱ ተሳፋሪ ደግሞ ለመንቀጥቀጥ ዓይነት ድምፅ በሀዲይኛ የሚባለውን ነገረው፤ ጋሽ ሸምሱ አልገባውም፣ ሰውዬው ቃሉን ሲደጋግምለት የባሰ ግራ ገባው። በኋላ ዞሮ «ቲቸር፣ አንቺስ ምን ሰማሽ?» አለኝ።

እኔ ሁልጊዜ የምቀመጠው ከኋላ በግራ በኩል ነው፤ ከአባ ጎዴቦ ወንበር የራቀውን መርጬ። ድምፁ ከበታቼ፣ ከጎማው እንደሚመጣ ሥጋዬ ያውቃል። ጎማ ማለት ግን በእኛም በሀዲይኛም በአማርኛም ያው ጎማ ነው፤ ማምለጫ የለውም። ቤት ውስጥ ጎማን «እግር» ነበር የምለው። ስለዚህ «እግሯ ነው፣ የኋላው፣ የግራው እግር» አልኩት። ጋሽ ሸምሱ ደስ አለው። «ይሄዋ! ቲቸር ከእኔ ትሻላለች» ብሎ ከሥሯ ገባ። ለካ በመካኒክ አፍ የመኪና እግር ማለት ጎማው ሳይሆን ከጎማው ጀርባ ሸክሙን የሚሸከመው፣ ባሌስትራ የሚባለው ተጣጣፊ ብረትና ዙሪያው ኖሯል። ጎማውን ፈታ፣ ባሌስትራውን አወረደ፣ የተበላውን ቀየረ፣ ጎማውን መልሶ አሠረ። ጣቴን ጎማው ላይ አድርጌ ብጠቁመው እንኳ እሱ የሚያየው ጀርባውን ነው። ጎማውማ ነፋሱ ሙሉ፣ ጥርሱ ደህና፤ ማን ይጠረጥረዋል። ቡላም ዝም አለች። ሁላችንም ተመራረቅን። ጥቂት ቀን ሰነበተችና ቋ ቋ ቋ።

ተመልሰን ሄድን። «እግሯን ሠራሁት እኮ!» አለ ጋሽ ሸምሱ። እኔም የተሻለ ልገልጽለት ብዬ «የሚሽከረከረው ነው፣ የሚሽከረከረው ውስጥ አንድ ነገር አለ» አልኩት። ሊረዳኝ ቢችል ኖሮ ይሄ ቃል በቂ ነበር። እሱ ግን ከሞተሩ ወደ ኋላ የሚሄደውን የሚሽከረከር ብረት አውርዶ ሲያጸዳና ሲቀባ ዋለ። ይሄኛው ጭራሽ ምንም አልለወጠም። ጴጥሮስ ያኔ ሙዱላ ተመድቦ ያስተምር ስለነበር «እግር» ማለቴ ጎማ መሆኑን የሚነግርልኝ አስተርጓሚ አልነበረኝም፤ አባ ጎዴቦ ደግሞ አማርኛ የሚሰሙት ፍርድ ቤት ሲቆሙ ብቻ ነው። በዚህ መሐል አለማየሁ የራሱን መድኃኒት አገኘ። «ቲቸር፣ ቀስ ስንል ነው የምትጮኸው። ስንፈጥን ትተዋለች!» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ስትፈጥን ድምፁ ይጠፋ ነበር። ከዚያ በኋላ ድምፅ በተሰማ ቁጥር ነዳጁን ይረግጣል፣ ቡላም ትድናለች።

በዚያው ሰሞን ከዱራሜ መልእክት መጣ። አባቴ ታሞ ተኝቷል፤ ዓይኑም ደክሟል። «የልጄን አማት ፊት ሳላይ ልሞት ነው» ብሎ አልቅሷል ተባልኩ። አባቴ የሚያለቅስ ሰው አልነበረም። እንቅልፍ አጣሁ። እኔ አባ ጎዴቦን መለመን አልችልም፤ በሽማግሌ አስለመንኩ። ሽማግሌዎቹ ገብተው ባዶ እጃቸውን ወጡ። ቀናት አለፉ። አንድ ማለዳ ግን ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ ቡላ አጠገብ ቆመው አገኘኋቸው። «ለምራቴ ተነሽ በላት፣ እንሄዳለን» አሉት አለማየሁን። እሱ ሀዲይኛ አይሰማም፤ ቢሆንም እኔ ሰምቻለሁ። ቅቤና አንድ ጥቅል ቡላ ጫንኩ፣ ነጠላዬን ተከናነብኩ፣ ከኋላ በግራ ተቀመጥኩ። በልቤ የምጸልየው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጌታ ሆይ፣ እስከ አባቴ አልጋ ድረስ አንደበቴን ጠብቅልኝ፣ አንዲት ቃል አምልጣኝ ሰውዬው ከመንገድ እንዳይመለሱብኝ።

መንገዱ ያኔ ጠጠር ነው። ክረምቱ ገና መውጣቱ ነበርና በግራም በቀኝም እንሰቱ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ፣ ቤቶቹ ከእንሰቱ ውስጥ ብቅ ብቅ ይላሉ። አባ ጎዴቦ ከፊት ተቀምጠው መንገዱን ያያሉ። ቡላ ዳገቱን ስትወጣ ቋ ቋ ቋ አለች፤ አለማየሁ ሲረግጣት ተወች። አንጋጫን እንዳለፍን ግን ቀስ እያለችም ዝም አለች። አለማየሁ ተደሰተ። «አየሽ ቲቸር፣ ሽማግሌ ሲሳፈርባት አፈረች!» ብሎ ካሴቱን ከፈተ። እኔ ግን አልተደሰትኩም። ከበታቼ ሌላ ነገር ጀምሯል፤ ወንበሬ ወደ ግራ ወደ ቀኝ ይላል። ዞሬ ስመለከት አንድ የሚያብለጨልጭ ክብ ነገር ከኋላችን እየተንከባለለ ወደ ቦዩ ገባ። ጎማው መሐል ላይ የሚደፋው ክዳን ነበር። አንገቴን በመስኮት አውጥቼ ወደ ታች አየሁ። ጎማው እንደ ሰከረ ሰው ይወላገዳል። ከፊታችን ደግሞ ቁልቁለቱ ጀምሯል፤ በአንድ በኩል ገደል ነው።

«እግሯ!» ብዬ ጮኽኩ። «አለማየሁ፣ እግሯ! እግሯ!»

«የማን? እግርሽን ነው?» አለ ሳይዞር። «ዘርጊው ቲቸር፣ ከኋላ ቦታ አለ!»

«የሚሽከረከረው! አቁም፣ የሚሽከረከረው!»

«ካሴቱን ነው? እሺ እቀንሰዋለሁ» አለና ጭራሽ ዘፈኑን ሊያስተካክል ጎንበስ አለ። መኪናዋ ቁልቁል ፈጠነች። የአባ ጎዴቦን ማጅራት አየሁ። የአባቴን አልጋ አሰብኩ። ሁለቱንም በአንድ ላይ ማዳን እንደማልችል ያን ጊዜ ገባኝ፤ ዝም ብል ገደሉ፣ ብናገር ደግሞ አባቴ ተስፋ ያደረገው ነገር ይቀራል። በሕይወቴ እንዲያ ጮኼ አላውቅም።

«ጎማ! ጎማው! ጎማው ሊወልቅ ነው!»

ይሄን አለማየሁ ሰማ። እግዚአብሔር ይባርከውና ደንግጦ ፍሬኑን አልደፈጠጠውም፤ ቀስ አድርጎ፣ በማርሽ እየያዘ፣ ወደ ዳገቱ ግድግዳ አስጠጋትና አቆማት። ወርደን ስናይ ጎማውን ከመኪናዋ ጋር የያዘችው አንዲት ብሎን ብቻ ነበረች፤ እሷም ጫፏ ላይ ደርሳለች። አለማየሁ መሬት ላይ ቁጭ አለና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ትንሽ ቆይቶ ተነስቶ ወደ ኋላ ሄደ፤ ክዳኑን ከቦዩ አገኘው፣ የወደቁትንም ብሎኖች ከሣሩ እየፈለገ ለቀመ። የለቀማቸውን ክዳኑ ውስጥ አድርጎ ሲመጣ፣ በእያንዳንዱ እርምጃው ቋ ቋ ቋ ይላሉ። ሁለታችንም ቆመን ተያየን። ለሳምንታት ስንፈልገው የኖርነው ድምፅ ያ ነበር፤ እየተፈቱ የሚወጡት ብሎኖች ክዳኑ ውስጥ ይንከባለሉ ነበር። ስትፈጥን ወደ ዳር ተጣብቀው ዝም ይላሉ፣ ቀስ ስትል ይወድቃሉ። አንጋጫን እንዳለፍን ዝም ያለችውም ክዳኑ ላልቶ ብሎኖቹን ስላፈሰሳቸው ነው። በኋላ ጋሽ ሸምሱ እንዳስረዳን ብሎኖቹ የሚገቡበት ቀዳዳ ተበልቶ ሰፍቶ ስለነበር የቱንም ያህል ቢያጠብቃቸው በቀናት ውስጥ ይላላሉ። ባሌስትራውን ሠርቶ ዝም ያለችውም ጎማውን አጥብቆ ስላሠረው ነበር። «አላህ ያሳይሽ ቲቸር፣ 'ጎማ' በይኝ እንጂ!» ብሎ ራሱን ይዞ ሲስቅ፣ ለምን እንዳላልኩ ስነግረው ደግሞ ሳቁን ተወ። «የእኔስ ምራት እንዲህ ታከብረኝ ይሆን?» አለ። እንግዲህ ያ ሌላ ቀን ነው።

በዚያች ሰዓት መንገዱ ላይ ማንም አልሳቀም። አለማየሁ ብሎኖቹን ሲያስር አባ ጎዴቦ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ከዘራቸውን ጉልበታቸው መሐል አቁመዋል። እኔ ከመኪናዋ ጀርባ ነጠላዬን ዓይኔ ድረስ ስቤ ቆሜያለሁ። አንዴ አምልጦኝ ቢሆን አልሰሙም እል ነበር፤ እኔ ግን ደጋግሜ፣ ከጀርባቸው፣ በጩኸት ነው ያልኩት። እንደዚያ ያለች ምራት ወደ አባቷ ቤት ትመለሳለች ሲባል ነው ያደግነው። ይቅርታ እንዳልል እንኳ እሳቸውን በቀጥታ አናግሬ አላውቅም። አለማየሁ ጨርሶ እጁን በሣር ሲጠርግ አባ ጎዴቦ ተነሱ። ወደ ሆሳዕና መለስ ብለው አዩ፣ ወደ ዱራሜ አዩ። ገብተው ከፊት ተቀመጡ። ወዴት እንደምንሄድ አላወቅኩም። አለማየሁ ግን መኪናዋ ወደተቀመጠችበት አቅጣጫ ነዳት፤ እሷም ወደ ዱራሜ ዞራ ነበር።

ለዚያ ቀን ስንቱን አመሰግናለሁ! አለማየሁን ቀስ አድርጎ ስለያዛት፣ እስከ መጨረሻ ያልተላቀቀችውን ብሎን፣ የዳገቱን ግድግዳ። ዛሬ ምራቶቼ በስሜ ነው የሚጠሩኝ፤ አንዷማ ከገበያ ማዶ «ማርታዬ!» ብላ ትጮኻለች፣ ቅር አይለኝም፣ እንዲያውም ደስ ይለኛል። ዘመን የየራሱ ክብር አለው። ቢሆንም ያቺን የፍርሃት መንገድ፣ ከአንጋጫ እስከ ዱራሜ ያለችውን፣ በምንም አልለውጣትም፤ ምክንያቱም መጨረሻዋን አውቀዋለሁ።

አባቴ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም። የዚያን ቀን ከውስጠኛው ክፍል ተኝቶ ነበር፤ ብርድ ልብሱ እስከ አገጩ፣ ዓይኑ ጣሪያው ላይ። እኔ ቀድሜ ገባሁና ግንባሩን ሳምኩት። አባ ጎዴቦ ለመግባት ጎንበስ ሲሉ ከዘራቸው በሩን ነካ፤ አባቴ ድምፁን ሰምቶ ራሱን አነሳ።

«ከኋላሽ ማነው?» አለ።

«የጴጥሮስ አባት ናቸው» አልኩት። ሌላ የምለው አልነበረኝም።

አባቴ ራሱን መልሶ አስተኛ። «አመሰግናለሁ» አለ፣ በቀዘቀዘ ድምፅ። «ባለፈውም እሱ ነበር የመጣው። ደግ ሰው ነው። ያኛው እንግዲህ አልመጣም በይኛ።»

«የለም አባዬ፣ ራሳቸው ናቸው…»

«አታባብዪኝ ልጄ። የጴጥሮስ አባት ሁለት ነው፣ አውቃለሁ።»

እንዴት ብዬ ላስረዳው? ዓይኑ አያይ፣ ስም አልጠራ። ያኔ ከኋላዬ አባ ጎዴቦ ተናገሩ። ለግድግዳው አልነበረም፤ ለአለማየሁም አልነበረም። ለእኔ ነበር።

«ልጄ፣ ስሜን ንገሪው» አሉኝ። «መንገድ ላይ ጀምረሽው የለም? ጨርሺዋ።»

ዞሬ ፊታቸውን አየሁ። እስከዚያ ቀን ድረስ በቀጥታ አይቼው አላውቅም ነበር። ዓይናቸው እንባ ሞልቷል። ዘወር ብዬ የአባቴን እጅ ከብርድ ልብሱ አወጣሁ።

«ጎዴቦ ናቸው፣ አባዬ» አልኩት። «ጎዴቦ!»

«አቤት» አሉ አማቴ፣ የአባቴን እጅ ከእጄ ተቀብለው።